ሽቅብ የፈሰሰ ሳሙና

ማክሰኞ ከምሳ በኋላ፣ መስከረም 26

ለልጄ፣

አድራሻሽን ያገኘሁት ከአክስትሽ ነው። ትናንት ቤቷ ድረስ ሄጄ ለመንኳት። በር ላይ አቁማኝ፣ «ወንድሜ፣ ፖስታው ላይ ስምህን እንዳትጽፍ፤ ካየችው ሳትከፍተው ትጥለዋለች» አለችኝ። ስለዚህ ላኪው እሷ ናት ብዬ ጻፍኩ። እህቴ እንኳ ስትመክረኝ ውሸት ነው የምትመክረኝ፤ የለመድኩትን ታውቃለቻ። እዚህ ድረስ ካነበብሽ የእጅ ጽሑፌን ለይተሽዋል። መጣል ከፈለግሽ አሁን ጣይው፤ አልቀየምም።

እኔ ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ያማርራል እንጂ ደህና ነኝ። ያንቺን ጤና ለመጠየቅ ግን አፍ የለኝም። ምክንያቱን ሁለታችንም እናውቃለን። በዕድሜዬ ሁለት የሐሰት ወረቀት ፈርሜያለሁ። አንደኛው ያንቺ ነው። ሁለተኛውን ባለፈው ቅዳሜ ፈረምኩ፤ አንዲትን ሴት ከመተዳደሪያዋ የሚያፈናቅል ወረቀት ነበር። ከሁለተኛው ልጀምር።

አሁንም እዚያው ቤተ ክርስቲያን፣ በሩ አጠገብ ያለችው ክፍላችን ውስጥ ነኝ። በር እከፍታለሁ፣ ወንበር እደረድራለሁ፣ ግቢ እጠርጋለሁ፣ የአትሮንሱን ጨርቅ እለውጣለሁ። ለሌላው ሰው የቤተ ክርስቲያን ዘመን ማለት ጾም ነው፣ ልደት ነው፣ ትንሣኤ ነው። ለኔ ጨርቅ ነው። ሐምራዊው ከወጣ ጾም ገብቷል፣ ነጩ ከወጣ በዓል ነው፣ አረንጓዴው ከወጣ ደግሞ ያ ማለቂያ የሌለው ተራ ወራት መጣ ማለት ነው። ሲቆሽሽ በኋላው በር ለምታጥበው ሴትዮ እሰጣታለሁ። አጣቢዋን መቼም አትረሻትም፤ ለቄስም ለዘበኛም አንድ ዓይነት ፊት ነው የምታሳየው።

ዘንድሮ አዲስ ዘመን ተጨመረልን። «የፍጥረት ወር» ይሉታል። አራት እሑድ ሙሉ ስለ ዛፍ፣ ስለ ወፍ፣ ስለ ውሃ ይሰበካል። ሐሳቡ ክፉ ነው አልልም። እግዚአብሔር የሠራውን ማበላሸት ኃጢአት መሆኑን እኔ መጥረጊያ ይዤ ከነሱ በፊት አውቄዋለሁ። ግን ማን ነው የሚሰብከው?

ሰባኪው ወጣት ነው። ማይኩን ጉንጩ ላይ ለጥፎ ነው የሚሰብከው፤ ከሩቅ ስታዪው ዝንብ ያረፈበት ይመስላል፣ ሁልጊዜ እሽ ልላት ያምረኛል። ምድር ትኩሳት ይዟታል እያለ አርባ ደቂቃ ሲጮህ መኪናው ደጅ ሞተሯ እንደተነሳ ነው፤ ስብከቱን ጨርሶ ሲገባ ሙቀት እንዳይነካው። ኮሚቴው ደግሞ ለጌጥ ብሎ ከጣሪያው የፕላስቲክ ቅጠል አንጠለጠለ። ግቢው እውነተኛ ቅጠል ሞልቶት! እውነተኛውንማ «እየረገፈ ያቆሽሻል» ብለው አስቆረጡኝ። በመጀመሪያው እሑድ ፕላስቲክ ምድርን እያነቃት ነው ብሎ አስለቀሳቸው፤ ሲወጡ ለያንዳንዳቸው አንዳንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ታደላቸው። እያለቀሱ ጠጡ፣ ጠጥተው ሣሩ ላይ ጣሉ። ለቀማው የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ። በሁለተኛው እሑድ አረንጓዴ ፊኛ ወደ ሰማይ ለቀቁ፤ ፈጣሪ ፊኛ አጥቶ የተቸገረ ይመስል።

በሦስተኛው እሑድ ሰባኪው በማጥመቂያው ገንዳ አጠገብ ቆሞ ስለ ውሃና ስለ አሳ ሊሰብክ ታሰበ። የገንዳውን ሥራ አብረሽኝ ስለሠራሽ አልነግርሽም ነበር፤ ግን የሆነው ነገር እንዲገባሽ ላስታውስሽ። አሳዎቹን ያመጧቸው የቀድሞው ቄስ ናቸው፣ ትንኝ እንዲበሉ። ጥምቀት ሲኖር አሳዎቹን በራሳቸው ውሃ በርሜል ውስጥ እናቆያለን፣ ገንዳውን አጥበን በቧንቧ እንሞላለን፣ የቧንቧው ውሃ ሽታው እስኪለቅ ሦስት ቀን እንታገሣለን። ከዚያ እንመልሳቸዋለን። ቄሱ ስለ ፍጥረት አንድ ቀን ሲሰብኩ ሰምቻቸው አላውቅም። ሦስቱን ቀን ግን እየመጡ ውሃውን ያሸቱ ነበር።

አሁን ያለችው የኮሚቴው ሊቀመንበር ናት። እሷ ውሃ አታሸትም። ዓርብ ዕለት ከካሜራማኑ ጋር መጥታ ገንዳው ጫፍ ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ ይሄ ውሃ ለምንድነው አረንጓዴ የሆነው?»

«ሕይወት ስላለው ነው።»

«በቪዲዮ ቆሻሻ ይመስላል እኮ። ሰማያዊ መሆን አለበት።»

«እሺ፣ አሳዎቹን አውጥቼ ልለውጠዋ። ግን ለእሑድ አይደርስም፤ ሦስት ቀን ይፈልጋል።»

«ኧረ አሳዎቹማ ለእሑድ መኖር አለባቸው! ሰባኪው እነሱን እያሳየ ነው የሚያስተምረው።»

«እንግዲያው አንዱን ይምረጡ። ወይ ሰማያዊ ውሃ፣ ወይ አሳ።»

«ጋሼ» አለችኝ ፈገግ ብላ፣ «እምነት ይኑርዎት።»

ቅዳሜ ስድስት ጀሪካን በረኪና ላከችልኝ። አሳዎቹን በርሜል ውስጥ ከተትኩ፤ በረኪናውን ገለበጥኩት፤ እስኪያንጸባርቅ ፈገፈግኩት፤ ሞላሁት። እሑድ ጠዋት መለስኳቸው። እንደሚሞቱ አላውቅም ነበር እንዳልልሽ፣ አውቅ ነበር። የሠላሳ አንድ ዓመት ጠባቂ እንዴት አያውቅም? «ያዘዘው ሌላ ነው» አልኩ ለራሴ። ይቺ ቃል ስንት ቀን እንዳስተኛችኝ!

ሕዝቡ እየዘመረ ወደ ግቢው ወጣ። ውሃው እንደተባለው ሰማያዊ ሆኗል። ሰባኪው ዓይኑን ጨፈነ፣ ጣቱን ወደ ገንዳው ዘረጋና «ተመልከቱ! የፈጣሪን ሥራ ተመልከቱ!» አለ። ተመለከቱ። ሃያ ሦስት አሳ ሆዱን ወደ ሰማይ ሰጥቶ ተንሳፍፏል። እሱ ዓይኑን እንደጨፈነ «አያምርም?» ብሎ ጠየቀ።

አንዲት አሮጊት «ፓስተር፣ ሞተዋል እኮ» አሉት።

ካሜራማኑ ቀረጻውን ሳያቋርጥ ካሜራውን ቀስ አድርጎ ወደ ደመናው አነሳው። ከዚያ ሁሉ ሰው የተሻለ ጭንቅላት ያለው እሱ ነው። ሰባኪው ግን አንዴ ዓይኑን ገልጦ አየና፣ ሳይደናገጥ «የሰው ክፋት ይህን ያህል ነው!» ብሎ ቀጠለ። የማን ክፋት እንደሆነ ገና አልተወሰነም ነበር።

የተወሰነው ረቡዕ ነው። ኮሚቴው ሲሰበሰብ ወንበር የደረደርኩት እኔ ስለሆንኩ ሁሉን ሰማሁ። ሊቀመንበሯ «የሳሙና አረፋ ነው የመረዛቸው። ያቺ በኋላ በር የምታጥበው ሴትዮ ናት» አለች። ልጄ፣ አጣቢዋ የምታጥበው ከገንዳው በታች ነው። ውሃው ከገንዳው ወደ እሷ ነው የሚወርደው። ሳሙናዋ አሳ ለመግደል ዳገቱን ሽቅብ መፍሰስ፣ አጥር መዝለል፣ ሦስት ደረጃ መውጣት አለበት። አምስት የተማሩ ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይህን በቃለ ጉባኤ አሰፈሩት። አንደኛው መሐንዲስ ነው።

ውሳኔው ይህ ነበር፤ የኋላው በር ይዘጋል፣ አጣቢዋ ከግቢው ቧንቧ ውሃ አትቀዳም፣ የማስጫ ገመዷ ይነሳል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የኖረችበት ሥራ ነው፤ ሌላ ቧንቧ የላትም፣ ሌላ ገመድ የላትም። ያ የሚኮንኑት ሳሙናስ የማንን እድፍ ሲያጥብ የኖረ ነው? የነሱን የአትሮንስ ጨርቅ፣ የነሱን የመዘምራን ልብስ።

መሐንዲሱ ኅሊናው ትንሽ ቆንጠጥ አደረገው መሰለኝ፣ «ምስክር ያስፈልጋል» አለ። ሁሉም ዞረው አዩኝ።

«ጋሼ ያዩትን ይጽፉልናል» አለች ሊቀመንበሯ። ያየሁትንማ ብጽፍ የሷን ስም ነበር የምጽፈው። ስትወጣ ትከሻዬን ዳበስ አድርጋ፣ «የበሩን ክፍል ለወጣት ዘበኛ እንስጥ የሚሉ አሉ፤ እኔ ነኝ የያዝኩልዎት» አለችኝ። እንደዚያ ለስላሳ እጅ ያለውን ሰው ፈጣሪ ከሩቅ ያሳየን።

ሐሙስ ወደ አጣቢዋ ወረድኩ። አረንጓዴውን ጨርቅ እየጨመቀች ነበር።

«ሊያባርሩሽ ነው» አልኳት።

«ሰምቻለሁ። ማነው የሚፈርመው?»

«እስካሁን ማንም አልፈረመም።»

«አንተ ትፈርማለህ» አለች። ወትሮ አንቱ ነበር የምትለኝ።

«ምነው? እንዲህ ነው የምታውቂኝ?»

«ልጁ ላይ የፈረመ ሰውዬ እኔ ላይ ለመፈረም ምን ይገደዋል?»

ጨርቁን አራግፋ ገመዱ ላይ ሰቀለችው። ውሃው ፊቴ ላይ ተረጨ። ዳገቱን እያለከለክሁ ወጣሁ። ቅዳሜ ወረቀቱን አመጡልኝ፤ ፈረምኩ። እንዳለችው።

ያንን የመጀመሪያውን ወረቀት አንቺ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ግን ከኔ አፍ ሰምተሽው አታውቂም፣ ስለዚህ ልጻፈው። ሃያ ዓመትሽ ነበር። የጾሙ ሰሞን ነው፣ አትሮንሱ ሐምራዊ ለብሷል። ስብከቱ እንዳለቀ ከመዘምራኑ መሃል አንድ እርምጃ ወጣ ብለሽ፣ «ከአጥሩ ጀርባ በየቀኑ የሚቃጠለው ጎማ የማን ነው? የሰፈሩ ሕፃናት እኮ በሳል አለቁ» አልሽ። የማን እንደሆነ ያልሰማ አልነበረም። ጣሪያውን ያሠሩልን ሽማግሌ ናቸው፤ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠው መነጽራቸውን ይወለውሉ ነበር። ይቅርታ ጠይቂ ተባልሽ፣ እምቢ አልሽ። የኮሚቴው ሰዎች እኔን ጠሩኝ። ጻፍ ያሉኝ እነሱ ናቸው። ቃሉን የመረጥኩት ግን እኔው ራሴ ነኝ፤ ልጄ የአእምሮ ሕመም አለባት፣ የምትናገረውን አታውቅም፣ ይቅር በሏት። ብልሃት መስሎኝ ነበር። አንቺንም ክፍሉንም ያዳንኩ መስሎኝ።

በሚቀጥለው እሑድ ሲነበብ ከመዘምራኑ ጋር ቆመሽ ነበር። አዳራሹ በሙሉ ከንፈሩን መጠጠልሽ። የመዘምራኑን ልብስ አወለቅሽ፣ እጅጌውን ከእጅጌው ገጥመሽ አጠፍሽው፣ ወንበርሽ ላይ አስቀመጥሽና ወጣሽ። አእምሮውን የሳተ ሰው ልብስ እንደዚያ ያጥፋል? ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ይህን ልብ ያለ አልነበረም። እኔ ልብ ብያለሁ፤ አፌን ግን አልከፈትኩም። ቤት ስገባ የለሽም። ይኸው አሥራ አንድ ዓመት።

አሁን ያለፈውን እሑድ ልንገርሽ። ሊቀመንበሯ ወረቀቴን በማይክ አነበበች፤ «የግቢያችን ጠባቂ በዓይናቸው ያዩት» እያለች፣ እያሳመረች። አጣቢዋ በሩ አጠገብ ቆማለች፤ የታጠበውን ጨርቅ በክንዷ ይዛለች። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም፣ እኔንም አላየችኝም። ንባቡ ሲያልቅ ሕዝቡ ያጨበጭብልኝ ጀመር፣ ሰባኪውም ተነሱ ብሎ በእጁ ጠቆመኝ። ጀግንነት እንዳይመስልሽ። የተነሳሁት ጭብጨባውን ልቀበል ነው። ከተነሳሁ በኋላ ግን መቀመጥ አቃተኝ።

«በረኪና ነው» አልኩ። «ስድስት ጀሪካን። የላከችው እሷ ናት፣ ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። ያ ወረቀት ውሸት ነው። ሳሙና ሽቅብ አይፈስም፤ መሐንዲሱ እዚህ አሉ፣ ጠይቋቸው።»

መሐንዲሱ ጫማውን መመርመር ጀመረ።

«ሌላም የፈረምኩት አለ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ስለ ልጄ ያስነበብኳችሁም ውሸት ነው። ልጄ ጤነኛ ነበረች።»

ሰባኪው ምን ያደረገ ይመስልሻል? ዘሎ መጥቶ አቀፈኝ! «አሜን በሉ! ንስሐ ማለት ይኸው ነው!» አለ። ያ ጉንጩ ላይ ያለው ማይክ ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ አደነቆረኝ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ሰው ባለቀሰ ቁጥር የሚጫወታትን ዜማ ጀመረ፤ እኔ እኮ አላለቀስኩም። ሕዝቡ ደገመና አጨበጨበ። ለውሸቴም ያጨበጨቡት እነዚያው እጆች ናቸው። ሊቀመንበሯም እንባዋን እየጠረገች አጨበጨበች፤ ስሟ የተነሳው በሌላ ከተማ ይመስል። ካሜራማኑ ይህን ጊዜ ወደ ደመናው አላዞረም። በየስልኩ እየዞርኩ ነው አሉ፣ ከሥሬ «የንስሐ ፍሬ» የሚል ተጽፎ።

ትናንት ጠዋት የኋላው በር ጉዳይ «ለተጨማሪ ጥናት» ተላልፏል የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። ተሳስተናል ማለት የማይችል ሰው ያጠናል። ቢሆንም አጣቢዋ በቦታዋ አለች፣ ገመዱም አልተነሳም። እኔን ደግሞ በወሩ መጨረሻ ክፍሉን እንድለቅ ነግረውኛል። «ለእረፍትዎ አስበን ነው» አሉኝ። የጻፍኩልሽ ውሰጂኝ ለማለት አይደለም፤ አክስትሽ እያጉረመረመችም ቢሆን አንድ አልጋ አላት።

የጻፍኩልሽ አጣቢዋ ስላሳፈረችኝ ነው። እሑድ ሰዉ ሁሉ አቅፎኝ ከጨረሰ በኋላ ጨርቁን ልታስረክበኝ መጣች። ታመሰግነኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አየሽ፣ ያን ጊዜም ምስጋና ነበር የምጠብቀው።

«ለልጅህስ ነግረሃታል?» አለችኝ።

«አልነገርኳትም።»

«ታዲያ እዚህ ማን ፊት ነው የምትለፈልፈው?» ብላ ጨርቁን ክንዴ ላይ ጣለችና ሄደች።

እንግዲህ ለአንቺ። ምርቃቱን ላስቀድም፤ ቀጥሎ ያለውን ካነበብሽ በኋላ ከኔ ምርቃት ላትፈልጊ ትችያለሽ። ባለሽበት አገር ንጹሕ አየር ይስጥሽ። የምትናገሪውን የሚሰማ ጎረቤት ይስጥሽ። ልጅ ወልደሽ ከሆነ፣ አባቱ ከአባትሽ የተሻለ ይሁን። ናፍቀሽኛል፤ ይህን ለማለት መብት ባይኖረኝም ናፍቀሽኛል።

ልጄ፣ ጤነኛ ነበርሽ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ከነበርነው ሁሉ ጤነኛዋ አንቺ ነበርሽ። አላውቅም ነበር፣ አታልለውኝ ነው የሚለውን ለሰባኪው ትቼለታለሁ፤ እሱ ያሳምረዋል። ስለ ጭሱ ያልሽው እውነት መሆኑን አውቅ ነበር። ያን ቀን ወረቀቱን ስጽፍ የጭሱ ሳል እኔንም ይዞኝ የመጀመሪያው ሉህ ተበላሸብኝ። ሌላ ሉህ አወጣሁ፣ ሳሉ እስኪበርድልኝ ጠበቅኩና በንጹሕ ገለበጥኩት።

አባትሽ